ዘጠና ኮሌታ በሰዓት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

አሰላሙ አለይኩም እታለም። እንዴት ከረምሽ? ወንዙ ከደጃፍሽ ራቀ ወይስ አሁንም ግቢሽን እየበላው ነው? ጎርፉ የወሰደው ማሳ ዳግም ተተከለ? እኔ በአላህ ፈቃድ ደህና ነኝ። ልጅሽም ደህና ናት። ደህና የምልሽ ስለምትበላና ስለምትሠራ ነው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ እሷ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለሆነች ነው። እዚህ ጋዚፑር አራት ሴቶች በአንድ ክፍል ነን፤ ሹክሹክታም ይሰማል። ዛሬ ጁምዓ ነው፣ የልብስ ፋብሪካው ዝግ ነው። እሷ ውጭ ልብስ ታጥባለች።

አምና ሌሎቹን ሴቶች እንድደግፍ መመረጤን ነግሬሽ ነበር። የፋብሪካው አለቆች ሦስት ቀን አዳራሽ አስቀምጠው አሠለጠኑን። ድምፅ አውጥተው እንዲናገሩ አለማምዷቸው፣ አሉን። ከምትደግፏቸው አንዷ የመስመር፣ ማለት የአንድ ረድፍ ሰፊዎች፣ አለቃ ከሆነች እናንተም የፎቁ ኃላፊዎች ትሆናላችሁ፣ አሉን። ሦስት ልጆች ሰጡኝ። አንዷ ያንቺዋ ሺውሊ ነች።

እጇን ታውቂዋለሽ። ኮሌታ ስትሰፋ ጨርቁ በራሱ የሚሄድላት ይመስላል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በየጊዜው አንድ ሰውዬ ሰዓት ይዞ ከኋላችን ይቆማል። አንድ ኮሌታ በስንት ሴኮንድ እንደሚያልቅ ይለካል። መስመሩ ሁሉ በሰዓት ስንት መስፋት እንዳለበት የሚቆረጠው በዚያ ነው። ስለዚህ እሱ ሲመጣ የሁላችንም እጅ ይከብዳል። የገባውን ክር እንደገና እናስገባለን፣ ያልተጨማደደውን እናቃናለን። ማንም ለማንም በቃል አይነግርም። አዲስ ልጅ ካለች ግን አጠገቧ ያለችው በክርኗ ነካ ታደርጋታለች።

ሺውሊ አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ።

አልነካኋትም። እንዲያውም በዋዜማው፣ "አትፍሪው፣ ያለሽን አሳዪው" ብያት ነበር። ስለ ድፍረት ነበር የማወራው። ማለቴ፣ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አሳየችው። በወዲያኛው በኩል የምትቀመጠው ኮሂኑር፣ "ቀስ በይ እመቤቲቱ፣ ኮሌታው እግር የለውም፣ አያመልጥሽም!" አለቻት እየሳቀች። ሺውሊም ሳቀች። ሰውዬው ጻፈ። በማግስቱ ለእያንዳንዳችን በሰዓት ስልሳ የነበረው ኮሌታ ዘጠና ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ለሽንት መነሳት ቀረ። ኮሂኑር የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ላለመነሳት ስትል ውሃ መጠጣት ተወች። ሺውሊ "ኧረ ጠጪ" ስትላት፣ "አንቺ ትሰፊልኛለሽ?" ትላታለች፤ አሁን ሳቅ የለበትም። ሰኞ ዕለት የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች። ሐኪም ቤት ወሰዷት። ፅንሱ አልተረፈም።

ሴቶቹ ልጅሽን አልሰደቧትም። ቢሰድቧት ይሻል ነበር። ምሳዋን ይዛ ስትቀመጥ አንድ በአንድ ይነሳሉ። ቁልፍ የምትተክለው ሞርጂና ብቻ፣ "እጅሽ ይባረክ አለቃዬ" አለቻት። ረቡዕ ዕለት ሺውሊ የመስመር አለቃ መሆኗ ተለጥፎ ነበር።

እሷ ግን ሹመቱን አልቀበልም ትላለች። ትናንት ሩዝ እየለቀምኩ ሳለሁ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። "አክስቴ፣ ማክሰኞ ቢሮ እገባለሁ" አለችኝ። "ያ የለኩት የአምስት ደቂቃ ሩጫ ነው፣ ሰው ቀኑን ሙሉ አይሮጥም፣ እንደገና ለኩ እላቸዋለሁ። አንቺም አብረሽኝ ግቢ። አሥራ ስድስት ዓመት ሠርተሻል፣ አንቺን ይሰሙሻል።"

"ያባርሩሻል" አልኳት።

"ድምፅሽን አውጪ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?" አለችኝ። በንዴት አልነበረም። የምሯን ነበር የምትጠይቀኝ።

የለቀምኩትን ሩዝ እንደገና ለቀምኩት።

እታለም፣ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ያባርሯታል። ስሟ ወደ ሌሎቹ ፋብሪካዎች ይደርሳል፣ ማንም አይቀጥራትም። ለእሷ ብዬ ነው። ደብዳቤውን የጎረቤታችን ባል ወደ እናንተ በሚመጣው የዛሬ የኩሪግራም አውቶቡስ ያመጣልሻል፤ ነገ ጠዋት እጅሽ ይገባል። እንዳነበብሽው ደውይላት። ታምሜያለሁ በያት። ሰኞን ሳታሳልፊ ድረሺልኝ በያት። ላንቺ ስትል ትመጣለች። ሁለት ሳምንት ያዢያት፣ ነገሩ እስኪበርድ። ሹመቷ ተለጥፏል፤ እሷ ራሷ ገብታ ካላፈረሰችው የሚያፈርሰው የለም።

እኔ መምጣት አልችልም። ከመጪው ወር ጀምሮ ፎቁን እንድይዝ ነግረውኛል። ሰማያዊውን የኃላፊ ጋውን አስለክተውኛል፤ ትከሻው ላይ ትንሽ ጠቦኛል።

ኮሂኑር እንዴት ናት ብትይኝ አላውቅም። ሺውሊ ሁለቴ ሄዳ ጠይቃታለች። እኔ አልተመቸኝም።

እንደጻፍኩልሽ አትንገሪያት። ስትደውዪ ድምፅሽን ደከም አድርጊው፤ አትጠራጠርሽም። እኔንም ተጠራጥራኝ አታውቅም።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ቤትሽን ከውሃ ይጠብቀው፣ ልጅሽንም ያቆይልሽ። ስትሰግጂ ስሜን አንሺልኝ።

ታናሽ እህትሽ