የቤት-መኪናችንን በር እንዲመልሱልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የካሳ ጥያቄዎች መምሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የሚመች፣ ጣሪያዎም ዛፍ የማይደርስበት እንዲሆን ከልቤ እመኝልዎታለሁ። በላኩልኝ ሦስት ደብዳቤዎች ላይ ከፊርማዎ በቀር ስምዎን ስላላገኘሁ፣ ፊርማዎም ስለማይነበብ፣ በስምዎ ሳልጠራዎት በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ቨርሊን ሃስኬት እባላለሁ፤ ካንሳስ፣ ሳላይና ከተማ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡሶችን ሠላሳ አራት ዓመት የጠገንኩ ጡረተኛ መካኒክ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ማውጣቴ፣ በፖስታ የላክሁልዎት አራቱ መንገድ ላይ ደክሟቸው ይሆናል ብዬ ነው።

ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ፣ እንዴት ደንበኛዎ እንደሆንን ላስታውስዎ። ጡረታ በወጣን ማግስት አልጋና ምድጃ ያላት አንዲት ያገለገለች ቤት-መኪና ገዛንና፣ ባለቤቴ ዴልማ የሦስት ኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሁለት ቀን ስታነብ ከረመች። በመጨረሻ፣ "ወረቀቱማ ሁሉም አንድ ነው የሚለው፤ ቆይ ሰዎቹን ልስማቸው" ብላ ስልክ አነሳች። ለሦስቱም ያቀረበችው ጥያቄ አንድ ነበር፦ "ሞንታና ውስጥ ዛፍ ቢወድቅብን ማን ይመጣልናል?" የመጀመሪያው ኩባንያ ሙዚቃ አሰማት። ሁለተኛው የዛፉን ዓይነት ጠየቃት። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ልጅ ግን ሳቅ ብላ፣ "እኔ ራሴ መጋዝ ይዤ እመጣለሁ፣ እማማ" አለቻት። ዴልማ ስልኩን በእጇ ከደን አድርጋ፣ "ቨርሊን፣ አገኘኋቸው! እነዚህ ሰዎች ናቸው" አለችኝ። ኢንሹራንስ የመረጥነው እንዲህ ነው፤ ጥፋት ከሆነም ጥፋቱ የእኛ ነው።

ዛፉ እንደተፈራው መኪናዋ ላይ ወደቀ። ብቻ ሞንታና ሳይሆን እዚሁ ግቢያችን ውስጥ፣ በግንቦቱ በረዶና ዐውሎ ነፋስ፣ ዴልማ በሞተች በሦስተኛ ወሯ ነው። ልጅቷም መጋዝ ይዛ አልመጣችም። ከዚያ ወዲህ የተደረገልኝን ውለታ በቁጥር ዘርዝሬ ላመስግን።

፩ኛ/ የጉዳት ገማችዎ ጨዋ ሰው ስለሆነ አመሰግናለሁ። ጫማውን ጠርጎ ገባ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አይዞዎት አባባ፣ ቶሎ ያልቃል" አለኝ። እንዳለውም ቶሎ አለቀ።

፪ኛ/ ኑሯችንን ከእኛ በተሻለ ስላወቁልን አመሰግናለሁ። የውሉ ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት "በዓመት ከመቶ ሃምሳ ሌሊት በላይ በተሽከርካሪው ውስጥ ያድራሉ?" ይላል፤ ከዚያ በላይ የሚያድረውን ውሉ አይሸፍነውም፤ ዴልማ በራሷ እጅ "አናድርም" ብላ ጽፋለች። እውነቷን ነው፤ ብዙ ባደርንበት ዓመት ስልሳ ሁለት ሌሊት ነው። የየማደሪያው ደረሰኝ በጫማ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል፣ የጠየቀኝ ግን የለም።

፫ኛ/ ማስረጃ ስላገኙብኝ አመሰግናለሁ። ቤት-መኪና ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እኛም በሩ ላይ የአገሪቱን ካርታ ለጥፈን፣ ያደርንበትን ግዛት በባለቀለም ተለጣፊ እንሞላ ነበር። ገማችዎ ቆጠረው፤ ካርታው ላይ ያሉት አርባ ስምንቱም ግዛቶች ሞልተዋል። እርስዎም "ባልና ሚስቱ በአርባ ስምንቱም ግዛቶች ማደራቸው ስለተረጋገጠ፣ ቋሚ ኑሯቸው በተሽከርካሪው ውስጥ ስለነበር ውሉ ፈርሷል" ብለው ማኅተም አሳርፈው ጻፉልኝ።

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ የቤት-መኪና ሰው በዚህ ካርታ አይቀልድም። ያላደሩበት አይለጠፍም፤ አቋርጦ ማለፍ አይቆጠርም፣ ነዳጅ መቅዳትም አይቆጠርም። በዚህ ነገር ደግሞ እንደ ዴልማ ጥብቅ ሰው አላየሁም። አንድ ጊዜ ቴክሳስ ገብተን እራት በልተን ስንወጣ "በቃ ይቺን እንለጥፋት" ብላት፣ "በላን እንጂ መች አደርን? አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ አታፍርም?" ብላ እስከ ኦክላሆማ ድረስ ስትስቅብኝ መጣች። በስድስት ዓመት ውስጥ በእውነት ያደርንባቸው ግዛቶች አሥራ አንድ ናቸው። አንዳቸውም ባሕር የላቸውም። ዴልማ ባሕር ማየት ትመኝ ነበር፤ "በሚቀጥለው ዓመት፣ በሚቀጥለው ዓመት" ስንል ሕመሙ ቀደመን።

በጥር መጨረሻ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ሲሸኟት፣ ከመኪናዋ በር ፊት ለፊት በወንበር አስቀምጠኝ አለችኝ። ብርድ ልብስ ደራርቤ አስቀመጥኳት፤ ተለጣፊዎቹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ መለጠፍ ጀመረች። "ዴልማ፣ ሕጉስ?" አልኳት። "ሕጉን ተወውና ጀርባውን ላጥልኝ፤ ጣቴ እምቢ አለኝ" አለችኝ። እኔ እየላጥኩ እሷ እየለጠፈች ሠላሳ ሰባቱን በአራት ቀን ጨረስን። በየአንዳንዱ ላይ "እዚህ ደግሞ ምን በላን?" ትለኛለች፣ እኔም አንድ ነገር እፈጥርላታለሁ። ባሕር ዳርቻ ያላት ካሊፎርኒያ ላይ ስትደርስ ግን እጇን እላዩ ላይ እንዳሳረፈች ብዙ ቆየች። ኔቫዳ ተገልብጣ ነው የተለጠፈችው። እስከ አርባ ስምንት ድረስ የቆጠረ ሰው ይህን ማየት ነበረበት።

ታዲያ ለገማቹ ለምን አልነገርከውም ይሉኝ ይሆናል። አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሚስቴ ካርታው ላይ ዋሸች ብዬ ለማያውቃት ሰው መናገር አቃተኝ።

አራተኛው፣ በሩን ስለወሰዱት ነው። (ከዚህ በኋላ መቁጠሩን ትቻለሁ።) ሁለት ሰዎች ልከው "ማስረጃ ነው" ብለው ነቀሉት። እኔም የመካኒክነት ነገር ሆኖብኝ፣ ቀለሙ እንዳይጫር ብዬ ከሥር ደግፌ ያዝኩላቸው። ወይኔ፣ እኔው ራሴ አሸከምኳቸው! አሁን ደግሞ መዝገቡ በወሩ መጨረሻ ስለሚዘጋ ማስረጃው እንደ ደንቡ እንደሚወገድ ጽፈውልኛል።

ካሳውን ይተዉት። መኪናዋም ለቁርጥራጭ ብረት ሄዳለች። የምለምንዎት በሩን ብቻ ነው። እባክዎ እንዳያጥቡት፣ ጣቶቿ ያረፉበት ነው፤ ኔቫዳንም እንዳያቃኑብኝ። ማጓጓዙ ካስቸገረዎት መፍቻዬን ይዤ ራሴ እመጣለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ያማረ መዝገብ፣ ደንበኞችዎም እንደ እኛ ሰው ሰምተው የሚያምኑ እንዲሆኑልዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቀድሞ ደንበኛዎና በር ደጋፊዎ፣
ቨርሊን ሃስኬት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በውሳኔዎ ላይ ያቀረብኩትን ይግባኝ ዛሬ አንስቻለሁ፤ አደራዎን፣ ተሳስተን ነበር ብለው እንዳይሽሩት። የውሳኔ ደብዳቤዎን በመስታወት አስገብቼ ከፎቶዋ ጎን ሰቅዬዋለሁ። ዴልማ ባሕር ያለበት አገር ማደሯን በማኅተም የሚመሰክር ወረቀት በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው።