ሐምራዊ የተቀባው ነጭ አበባ

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ወንድምጋሼ፤ ጤናህ እንዴት ሰነበተ? እኛ ደኅና ነን፣ ስለ እኛ ሐሳብ አይግባህ።

አባባ አሁንም በዕፅዋት ማዕከሉ ሥዕሉን ይሥላል። ዘንድሮ የሰጡት በሞቃት አገር የሚበቅሉ የባቄላ ዘመዶችን ነው። የአንዱ ቅጠል እንደ ፍየል ሰኮና ለሁለት የተከፈለ፣ የሌላው እንደ ላባ የደቀቀ ነው፤ አበባቸውም አይገናኝም። «እንደ እናንተው ናቸው፤ የአንድ ሆድ ልጆች፣ መልካቸው ለየቅል» እያለ ይስቃል።

አሁን አሁን ከሥራ ስወጣ እዚያ እየሄድኩ አግዘዋለሁ። ቅጠሉን በጣቱ ዳብሶ ሳይሳሳት ይሥለዋል። አበባው ላይ ሲደርስ ግን ብሩሹን ይዞ እኔን ይጠብቃል።

ትናንት ሳይጠብቀኝ ነጩን አበባ ሐምራዊ ቀብቶት አገኘሁት። አለቃው ሥዕሉን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ አረፍ ቢሉስ?» አለው።

አባባ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «መብራታችሁ ደክሟል እኮ!» አለ።

ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛውን ሞልታው ነበር።

«አዎ፣ ደክሟል» አልኩ እኔም።

የዓመት እረፍትህን ወደዚህ ወር ብታመጣው ምን ይመስልሃል? ስትመጣ ታዲያ ከበሩ ጀምረህ ተጣራ፤ ድምፅህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ዓይን ለዓይን እስክንተያይ በሰላም ያቆይህ።

ትንሿ እህትህ