አርብ፣ በአሥራ ሰባት

ማርች 2

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፦ በማስታወሻ ደብተሮቼ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑንና ወሩን እንጂ ሰኞ ማክሰኞ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ዓመቱ ሽፋኑ ላይ አለ፤ ሁለት አኃዝ። ይበቃ ነበር። አሁን ግን ጡረታ ነው፣ ጊዜ ሞልቷል። ጉድለቱ ይሟላ።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ልጄ አሮጌ ኮምፒውተሯን ትታልኝ ሄደች። ማውሱ አይሠራም።

«ማውስ ምን ያደርግልሃል አባዬ? እዚህ ጥቁር መስኮት ላይ ካል ብለህ ጻፍና ኢንተር በል።»

«ካል?»

«የካላንደር አጭሩ ነው።»

«ቀሪውን መጻፍ ሰነፉ?»

«አባዬ!»

ጻፍኩ። ወሩ ተሰልፎ ወጣ። ዛሬ ሰኞ ነው ይላል። ከግድግዳው ካላንደር ጋር አመሳከርኩ። ትክክል።

ማርች 3፣ ማክሰኞ

ሥራ ተጀመረ። ካል፣ ከዚያ የወሩ ቁጥር፣ ከዚያ የዓመቱ። ከ81 ደብተር ተነሳሁ። ከእያንዳንዱ ቀን ጎን ዕለቱን በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ።

መሣሪያው አይለፈልፍም። የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። በሠላሳ አምስት ዓመት የማስተማር ሥራ እንዲህ ያለ ተማሪ ሁለት ብቻ ገጥሞኛል።

ማርች 6፣ አርብ

87 ላይ ነኝ። የአጋማሽ ፈተና የሰጠሁት እሁድ ነው። እሁድ? ሐሙስ ደግሞ እስከ ረፋድ ተኝቻለሁ... ወጣት ነበርኩ።

ማርች 10፣ ማክሰኞ

91 አለቀ። ቀጥሎ 92 ነው። ነገ።

ማርች 11፣ ረቡዕ

ደብተሩን አልከፈትኩም። መስኮት ጠረግኩ።

ማርች 12፣ ሐሙስ

ከፈትኩት። እናቴ ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።

ሴፕቴምበር 17 ቀበርናት። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ በማግስቱ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ደረሰች። ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ «የገዛ እናቷ ቀብር ላይ የማትደርስ!» አልኳት።

«አርብ ብለህ ቴሌግራም የላክህልኝ አንተው አይደለህም?»

«እኔ አርብ ሐሙስ ብዬ አልጽፍም። ሰው ሁሉ ያውቃል።»

ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔን አመኑ። «ቴሌግራሙን አሳይኛ» አልኳት። በጥድፊያ ቤቷ ጥላው መጥታለች። ሻንጣዋን ሳትፈታ ተመለሰች። ኋላም አልላከችልኝም። እንግዲያውስ የለም ማለት ነው፣ ብዬ ደመደምኩ። ይኸው ሠላሳ ሦስት ዓመት... አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

የቴሌግራሙን ቃል ደብተሬ ላይ ቀድቼው ኖሯል። ሴፕቴምበር 15፦ «እናታችን አረፈች። ቀብሩ አርብ በ17። ድረሽ።»

የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። አርብ ይላል።

ይሁን። 17 አርብ ከዋለ ጥፋቱ የእሷ ነው። ካል፣ 9፣ 92። ሰኞ! እኔንም እሷንም አልደገፈም። መሣሪያው ተበላሽቷል።

ማርች 13፣ አርብ

ለልጄ ደወልኩ።

«ካልሽ ተበላሽቷል።»

«ምን ብለህ ጻፍክለት?»

ነገርኳት። ሳቀች። ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ጠበቅኩ።

«አባዬ፣ 92 ስትለው እኮ የሚያመጣልህ 92ን ነው! ከሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የነበረውን። አራቱንም ቁጥር ጻፍለት እንጂ።»

«92 ሲባል ማንም ሰው ይገባዋል።»

«እሱ ሰው አይደለማ!»

1992 ብዬ ጻፍኩ። ሐሙስ።

ስለዚህ አሥራ አንዱም ደብተሮች በቀይ ቀለም ሦስት ሦስት ቀን ተሳስተዋል። እሁድ ፈተና ሰጥቼ አላውቅም።

17 ሐሙስ ነው። አርብ 18 ነው። እትዬ የመጣችው አርብ ነው።

አልዘገየችም።

ማርች 15፣ እሁድ

ልጄ መጣች። ደብተሩን ሰጠኋት። አነበበች። ዛሬ አልሳቀችም።

«ቴሌግራሙ እኮ ኮመዲኖዋ ውስጥ አለ» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«አክስቴ ናት። በየሳምንቱ እሄዳለሁ።»

በየሳምንቱ... አላውቅም ነበር።

«ታዲያ ለምን አልላከችልኝም?»

«ጠይቄያታለሁ። ‹አስተማሪ አይደል? ራሱ አግኝቶ ያርመው› አለችኝ።»

ደብተሩን ተቀብያት ዘጋሁት።

«ዓይኗ እየደከመ ነው አባዬ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፊደል አትለይም ብለዋል ሐኪሞቹ። ደውልላት።»

«ብትዘጋብኝስ? ደግሞም በጽሑፍ የተሠራ ስህተት የሚታረመው በጽሑፍ ነው።»

«እሺ፣ ጻፍ። ግን በትልልቁ።»

ማርች 17፣ ማክሰኞ

አራት ጊዜ ጻፍኩ። ሦስቱን ቀደድኩ፤ ማብራሪያ በዝቶባቸው ነበር። አራተኛውን ዛሬ ጠዋት ፖስታ ቤት ወስጄ ሰጠሁ። ፊደሉ ለአንደኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን ያህላል። ሁለት መስመር ብቻ የያዘ ገጽ ሁሉ አለ። ግልባጩ ይኸው፦

«እትዬ፣

ሴፕቴምበር 17 የዋለው ሐሙስ ነበር። አርብ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቺ በተባልሽው ቀን መጥተሻል።

የሰደብኩሽ ሰው ፊት ነው። ከዚያ ቀን ለቀስተኞች በሕይወት ያሉት ሰባት ናቸው፤ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ለሰባቱም ጽፌያለሁ።

እናታችንን ብቻዬን መቅበሬን እንደ ብልጫ ቆጥሬው ኖሬያለሁ። የእሷን መቃብር አላየሽም፣ በእኔ ምክንያት። ይቅር በይኝ።

መጥቼ ልውሰድሽና አብረን እንሂድ። ቀኑን እኔ አልቆርጥም፤ አንቺ ቁረጪው። ቶሎ መልሺልኝ።»