ስክሪን የማያውቅ ካርድ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

ከሥራ መልስ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ጥቁር። አጠፋሁ፣ አበራሁ... ጥቁር። ቀኑን ሙሉ ሽማግሌ ሳለብስና ሳበላ ውዬ ስገባ ደግሞ እሱ ይታመምብኝ?

አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በኮምፒውተር ዕድሜ እኔ የምሠራበት የሽማግሌዎች ኬር ሆም አልጋ ይሰጡት ነበር።

ሥራ ያመለከትኩበት ሳን ሆዜ ያለው የአርክቴክቶች ቢሮ የሙከራ ፕላኑን የሚፈልገው እስከ ፌብሩዋሪ 20 ነው። ባለ አንድ ፎቅ ቤት። አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ዓመት የቤት ፕላን ድራፍቲንግ ሠራሁ፤ እዚህ ዘጠኝ ዓመት ዳይፐር ቀየርኩ። "እስቲ ሥራሽን እንየው" ያለኝ ሰው ሲገኝ ይኼ የመጀመሪያው ነው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 4

ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ ያለው ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለቤቱ ሀምዛ የሚባሉ ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛቸው ከኔ ይጠራል። ከፍተው አዩና፣ "ስክሪኑ ላይ ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ነው። ነፍስ ይማር" አሉ። "የኮምፒውተርሽ ሳጥን ጠባብ ስለሆነ አጭር ካርድ ነው የሚያስፈልግሽ። ያገለገለ አለኝ፤ ስልሳ ዶላር።"

"ላስብበት" አልኩ።

ምኑን? የሚታሰብ ነገር አልነበረውም። ግን አበልጄን ሳላማክር የኮምፒውተር ነገር ገዝቼ አላውቅም። እትዬ ጥሩዬ ልጄን ሳሌምን ክርስትና ያነሱልኝ ናቸው። እዚሁ ቅርባችን ኒውአርክ፣ የኮምፒውተር ዕቃ መጋዘን ይሠራሉ። ሥራቸው ካርቶን መቁጠር ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለውንም ያውቃሉ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ያምናል።

ደወልኩላቸው።

"ወርቄ፣ እንዳትነኪ! እኔ እያለሁ ሱቅ ገብተሽ ልትዘረፊ?"

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 7

እትዬ ጥሩዬ ካርድ ይዘው መጡ። ከሳጥኑ ይረዝማል።

"ይገባል፣ ግፊው።"

ገፋሁት። ሁለት ሆነን ገፋነው። በመጨረሻ፣ "ችግሩ ሳጥኑ ነው" ብለው ካርዱን ይዘው ሄዱ። ሌላ እስኪያመጡ መጠበቅ ነው እንግዲህ... አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶኛል።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ሁለተኛው ካርድ ገባ! ልክ ተለክቶ የተሰፋ ይመስል። "ሳን ሆዜ ድረስ ነድቼ፣ ሰው ለምኜ ነው ያገኘሁት" አሉ። የሥራ ጃኬታቸውን እንኳ አላወለቁም። ፈረቃ ስለደረሰባቸው ሻይም ሳይጠጡ ወጡ።

የስክሪኑን ገመድ ልሰካ ጀርባውን ዳሰስኩ። መሰኪያ የለም። በመነጽር አየሁ። የለም።

ፎቶ አንስቼ ለሀምዛ ላክሁ። ወዲያው ደወሉ። "ይኼ እኮ ቢትኮይን የሚሉት የኢንተርኔት ገንዘብ መቆፈሪያ ነው። ሲያሰላ ይውላል እንጂ ስክሪን አያውቅም።"

ችሎታ አለው፣ መውጫ የለውም። ዘመድ አገኘሁ።

ስልኩን ሳልዘጋ ሌላ ጥሪ መጣ። እትዬ ጥሩዬ።

"ሠራ?"

"ሠራ።"

እልል አሉ። መጋዘኑ ውስጥ ሲያስተጋባ ይሰማኛል... ለምን ሠራ አልኩ? ያን ሁሉ መንገድ ነድተውልኝ፣ ምን ልበል ታዲያ?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 12

እስካሁን ሦስት ሰው ደወለ። "እትዬ ጥሩዬ ኮምፒውተርሽን አዳኑልሽ አሉ!" አዎ፣ አዳኑልኝ። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ።

የላይብረሪውን ኮምፒውተር ሞከርኩ። የድራፍቲንጉን ፕሮግራም መጫን ክልክል ነው።

የሀምዛን ካርድ በድብቅ ልግዛ? እንዳልገዛ፣ እትዬ ጥሩዬ ለእሑድ ቅበላ እኔ ጋ ሊመጡ ነው። "ካርዴን በዓይኔ ልየው" ብለዋል። ክዳኑን መክፈታቸው አይቀርም። ሌላ ካርድ ካዩ ተዋረድኩ። የራሳቸውን ካዩ ስክሪኑ ጥቁር። በየትም በኩል ብዞር እሳቸው ካቻቪቴ ይዘው ቆመዋል።

ለሳሌም ደውዬ ነገርኳት። "ማም፣ ጀስት ቴል ሄር፣ ንገሪያቸው በቃ" አለች። እዚህ ያደገ ሰው እንዴት ይቀለዋል።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 15

ሁለት ኪሎ ሥጋና ካቻቪቴ ይዘው መጡ። ልብ ወለድ ቢሆን ውጭ ዝናብ ይጥል ነበር። ፀሐይ ነው።

ጥብሱን አቀረብኩ። አልነኩትም። ኮምፒውተሩ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"በይ ክፈቺዋ።"

"አበልጄ... አይሠራም።"

"ዛሬ?"

"ማክሰኞም አልሠራም። ጭራሽ ሠርቶ አያውቅም። የስክሪን መሰኪያ የለውም።"

ካርዱን ነቅለው አገላበጡት። እንደኔው መነጽር አደረጉ።

"ታዲያ ለምን ሠራ አልሽኝ?"

"እንዳይከፋዎት ብዬ።"

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። መቀየማቸው ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ወርቄ፣ እኔ እኮ ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም" አሉ። "ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ነው የማነበው። የዛሬ ስምንት ዓመት የቄሱን ፕሪንተር ነቅዬ ሰካሁት፣ ሠራ። ያን ቀን ባለሙያ ተባልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ አላውቅም ማለት አቃተኝ... የመጀመሪያውን ካርድ ስንገፋ እንኳ በየት በኩል እንደሚገባ አላውቅም ነበር።"

"እኔማ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ ብዬ ነው የገፋሁት!"

ሳቁ። ሲስቁ አለቀሱ፣ ወይም ተገላቢጦሽ። ጥብሱ እስኪረጋ።

"ይኼ ሰውዬ፣ ሀምዛ፣ እሑድ ይከፍታል?"

ይከፍታሉ። አብረን ሄድን። የስልሳው ዓርብ ዕለት ተሽጧል። የቀረው የዘጠና ነው። ለዝምታዬ ሠላሳ ዶላር ከፈልኩ። እትዬ ጥሩዬ ካርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ስክሪን የሚሰካበት አለው?" ብለው ጠየቁ።

"ሦስት አለው፣ እመቤቴ" አሉ ሀምዛ።

"እንዲህ በሉኛ። መጠየቅ እንዲህ ቀላል ነው?"

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 20

ፕላኑን ከቀኑ በአሥር ሰዓት ላክሁት። ደረጃውን ሁለት ጊዜ አፍርሼ ሣልኩት።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 26

ከሳን ሆዜ ደወሉ። ማክሰኞ ለኢንተርቪው ነይ አሉኝ። ሥራው ተገኘ ማለት አይደለም... እንደዛ ማለት አይደለም።

የዕረፍት ፎርሙን ለሱፐርቫይዘሬ ሰጠሁ። ቀና ሳትል፣ "የዶክተር አፖይንትመንት ነው?" አለች። ውሸቱን ራሷ አዘጋጅታ አቀረበችልኝ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

"አይደለም። ለሌላ ሥራ ልጠየቅ ነው።"

አሁን ቀና አለች። "እዚህ አልተመቸሽም?"

"አልተመቸኝም።"

"ማክሰኞ ሰው የለኝም።"

"አውቃለሁ" አልኩና እዚያው ቆምኩ። ይቅርታም አላልኩ። ይቅርታ ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር፤ መልሼ ገጠምኩት። ፎርሙን ሳበችና ፈረመች።

ምሳ ሰዓት የክፍል ቁጥር ሰባቱን ሽማግሌ ሾርባ ሳበላ ማንኪያው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል።

"በርዶሻል?" አሉኝ።

"አይ፣ ፈርቼ ነው" አልኳቸው።