በገብስ አገር አንድ ሳምንት

ሰኞ፣ ደባርቅ

«ጤፍ ብቻ ነው?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት። የምግብ ቤቷ አስተናጋጅ ሦስቱንም ጊዜ «ጤፍ ነው» አለችኝ። በአራተኛው «ያው፣ ትንሽ ገብስ ይገባበታል እንጂ» አለች። ትንሽ ገብስ ማለት ለእኔ ሦስት ቀን ማለት ነው፤ ቁርጠት፣ ራስ ምታት፣ አልጋ። እንጀራውን መልሼ ድንችና እንቁላል ቅቅል በላሁ።

ሴሊያክ እንዳለብኝ ካወቅሁ ዓመት አለፈኝ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚሉት ነገር አንጀቴን ያቆስለዋል። መድኃኒት የለውም፣ አለመብላት ብቻ ነው። ጎንደር ቤቴ እስካለሁ አይከብድም። ወፍጮ ቤቱ ስንዴ ሳይፈጭ ጠዋት ቀድሜ እገኝና ጤፌን አስፈጫለሁ። ጣጣው ከቤት ስወጣ ነው። ከታወቀብኝ ወዲህ ለሽርሽር ስወጣ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ከትምህርት ቤት ስድስት መምህራን ነን፣ የሴሚስተር ዕረፍት። ነገ ሰሜን ተራሮች ፓርክ እንገባለን፣ ሦስት ሌሊት በድንኳን። የያዝኩት፦ የጤፍ እንጀራ ድርቆሽ ሁለት ፌስታል፣ የሽምብራ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሩዝ፣ የራሴ ማንኪያ፣ የራሴ ትንሽ ድስት። ከመምህራኑ አንዷ ሰላም ሻንጣዬን አይታ «ልትሰደጂ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጨነቅ ካምፕ

ፓርኩ ስንገባ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንገዱን ሞልተውት ነበር። መኪናው ቆሞ እስኪያልፉ ጠበቅናቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ሌላ ነገር ሆነ። ያመጣሁትን ልብስ ሁሉ ደርቤ ነው የምጽፈው።

ምግብ አብሳያችን ጋሽ ታከለ ይባላሉ፤ የደባርቅ ሰው፣ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ። ስለ ሕመሜ ነገርኳቸው። ድስቴን ተቀበሉኝና «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት እንግዳ ሳበላ አንድ ሰው አልታመመብኝም» አሉ። ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ማታ የአትክልት ሾርባ ቀረበ፣ ለሁሉም ከአንድ ድስት። የእኔ ድስት ዳር ላይ ባዶውን ተቀምጧል። «ዱቄት አለበት?» አልኳቸው። «አትክልት ነው» አሉ። አምስቱም እያዩኝ ነበር። እንደገና መጠየቅ አፈርኩ። ሁለት ሳህን ጠጣሁ። ይጣፍጥ ነበር።

ረቡዕ

አሞኛል። ከንጋት ጀምሮ።

ሌሎቹ ወደ ቧሂት ተራራ ወጡ። ይህን ጉዞ ካሰብንበት ጊዜ ጀምሮ የጓጓሁት ለዛሬው ቀን ነበር። ሰላም አብሬሽ ልቅር ብላ ነበር፣ ተቆጥቼ ላክኋት።

ረፋድ ላይ ጋሽ ታከለ ሻይ ይዘው ድንኳኔ ደጃፍ መጡ። «ምን ሆንሽ?»

«ሾርባው ነው መሰለኝ።»

ሻዩን አጠገቤ አስቀመጡ። «እንዲወፍር ሁለት ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት ጣል አድርጌበታለሁ። እሱን ዱቄት ብዬ አልቆጠርኩትም» አሉ።

«ነግሬዎት ነበር» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነው የወጣው፤ በአባቴ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ።

«ነግረሽኛል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሄዱ። ድስቴን በአመድ ሲፈትጉት፣ በፈላ ውሃ ሲያጥቡት ከድንኳኔ አየሁ። ከሩዜ ቀቅለው በጨው ብቻ አመጡልኝ። ትንሽ በላሁ፣ ተስማማኝ። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት እየከተፉ «እንዴት ነው የጀመረሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ደም ማነስ ተባልኩ፤ ጨጓራ ተባልኩ፤ አሜባ ተባልኩ። ጸበል ተጠመቅሁ። ፀጉሬ ረገፈ፤ ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ። አራት ዓመት እንዲህ ሆንኩ። ይህን ሳወራ መክተፋቸውን አቁመው ነበር።

«የምታወሪው የኔን ባለቤት ነው» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ተሽሎኝ ወጣ አልኩ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሦስት ዋልያዎች፣ አንዱ ቀንዱ ወደ ጀርባው የተቆለመመ ትልቅ ወንድ። ብዙ ቆዩልኝ። ቧሂት የወጡት ግን አንድም አላዩም። ሰላም በቅናት አበደች።

ሐሙስ

ደህና ነኝ ማለት ይቻላል።

ጋሽ ታከለ የዱቄት ከረጢቱን ሳይፈቱ መጀመሪያ የኔን ይሠራሉ። ማንኪያዬ ላይ ቀይ ክር አስረውበታል፣ ማንም እንዳይነካው። ቁርስ፦ እንቁላል ጥብስ በድርቆሽ ፍርፍር። ምሳ፦ ድንችና ጎመን። ከሁሉም የኔ ይሻላል ብላ ሰላም ልትቀምስ ስትመጣ እጇን በጭልፋ መለሱት።

ገደሉ ዳር አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ። ትናንት ሌሎቹ የወጡት ቧሂት ከሩቅ ይታያል። ብዙም አልከፋኝም።

ስመለስ ጋሽ ታከለ ስልካቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ኔትወርክ ይገኛል አሉ። «ለባለቤቴ ደውዬ ገብሱን ተይው ልበላት?»

አይሆንም አልኳቸው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም፤ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ሳትመረመር ካቆመች ምርመራው ላያሳይ ይችላል። ለኔም ሐኪሜ ያኔ እንዲሁ ነበር ያለኝ።

«የሚያማትን ብይ ልበላት?»

«እስክትመረመር ብቻ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያመኑኝ አልመሰለኝም።

ዓርብ፣ ደባርቅ

ስንወርድ ሌሎቹ ወደ ሆቴል ሄዱ፤ እኔና ሰላም ጋሽ ታከለ ቤት ገባን። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ይባላሉ። የለበሱት ሹራብ የሌላ ሰው ይመስላል፤ በጣም ከስተዋል። ጠላና የገብስ ዳቦ አቀረቡ። ሰላም ተቀበለች። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅሁና ለምን እንደማልበላ አስረዳሁ።

«እኔም ስበላው ያመኛል» አሉ እየሳቁ። «ሳልበላው ደግሞ ይርበኛል። እዚህ ከገብስ ሌላ ምን አለ?»

ጎንደር ወርደው ይመርመሩ ስላቸው ሳቁ ቆመ። «ሐኪም ቤት ሰልችቶኛል። ሁሉም ጨጓራ ነው ይላል፣ ክኒን ይሰጠኛል፣ እመለሳለሁ።» ጋሽ ታከለ ሊናገሩ ሲሉ እትዬ የሺ በዓይናቸው ዝም አሰኟቸው።

ስልኬን አውጥቼ የዛሬ ሁለት ዓመት የተነሳሁትን ፎቶ አሳየኋቸው። ጉንጬ የጎደጎደበት፣ ማንም እንዲያየው የማልፈልገው ፎቶ ነው። ብዙ ጊዜ ያዙት። ወደ ፎቶው፣ ወደ እኔ፣ ወደ ፎቶው።

«ይቺ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ተነስተው ጓዳ ገቡ። አስቀየምኳቸው ብዬ ፈራሁ። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይዘውልኝ ተመለሱ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወርዱት?» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ጎንደር

እትዬ የሺ መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ዳባትን ካለፍን በኋላ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ፀጉራቸው፣ ደረጃ መውጣት እንዴት እንደሚያቅታቸው አወሩኝ። ያልኩት ብዙ የለም፣ ሰማሁ።

ኮሶዬ ላይ ገደሉን ለማየት ቆምን። እሳቸው ከመኪናው አልወረዱም። ስመለስ ጭናቸው ላይ የገብስ ዳቦ ፈትተው ይዘዋል፤ ሳይበሉት ያዩኛል።

«ልብላው?»

ዓመት ሙሉ ዳቦ የነካው ቢላ እንኳ ቤቴ አላስገባሁም። «ይብሉ። እስከ ሰኞ ይብሉ» አልኩ። ቀስ ብለው፣ ቁራሽ በቁራሽ በሉ። ማየት ከበደኝ፤ ግን ዞር አላልኩም።

አዘዞ እህታቸው ቤት አደረስናቸው። ሰኞ ጠዋት እኔን ያከመኝ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። ሴሊያክ ከሆነ ደባርቅ ላይ ምን እየበሉ ይኖራሉ? ካልሆነስ ምንድን ነው? ሁለቱም ያስፈሩኛል።

ሰላም «ይሄ ዕረፍት ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። ነበር አልኳት። ከአንድ ቀን በቀር በደንብ በልቻለሁ፤ ዋልያ አይቻለሁ።

አሁን እትዬ የሺ ደወሉ። «ቁርጠቱ ጀምሮኛል» አሉ። «ሰኞ ግን እመጣለሁ።»