ከኩይሳው ሥር የበቀለው

ካምፓላ፣ ማኪንድዬ
ኅዳር 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ቅዳሴ ያስጨርስሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ የምሠራበት ምግብ ቤትም ገበያው ደርቷል፣ ተመስገን።

እማዬ፣ የአቶ ከፍያለውን ልጅ ነገር ባነሣሽ ቁጥር የስልክ ካርዴ የሚያልቀው ያለ ምክንያት አይደለም። አከራያችን ነው ያልኩሽ ጎድፍሬይ አከራያችን ብቻ አይደለም። የዚሁ አገር ሰው ነው፤ እወደዋለሁ። አንቺ ካልመረቅሽን ግን ደስታዬ ግማሽ ነው፤ ይህን የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እናቱ ለእግር ጉዞ ጠሩኝ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ዝናብ ባባራ ቁጥር የሰፈሩን ሰው ሰብስበው ከኮረብታው ጀርባ ወዳለው ጫካ ይወርዳሉ፣ ቅጠሉን ሁሉ በስሙ እየጠሩ ያሳያሉ። ግራዋ ሳይ እንደ ዘመድ ልስመው ምንም አልቀረኝም። እኛ ጋን እናጥብበታለን ብላቸው ሳቁ፤ እነሱ ለወባ ይጠጡታል።

ትንሽ አለፍ እንዳልን ከአንድ ኩይሳ ሥር ነጫጭ እንጉዳይ ፈልቶ አየሁ። አንቺ የጅብ ጥላ ነው እያልሽ ታስፈራሪኝ የነበረውን ማለቴ ነው። እዚህ በጾም ለደንበኛ የምንሠራው እሱን ነው፤ ሥጋ ያስንቃል። ሙያዬን ላሳይ ብዬ ነጠላዬ ላይ ለቀምኩና የዛሬውን ራት የምሠራላችሁ እኔ ነኝ አልኳቸው። አብሮን የወረደው ጎድፍሬይ ጠጋ ብሎ፣ ጎሳቸው የእንጉዳይ ጎሳ እንደሚባል፣ ጎሳ ከአባት ወደ ልጅ እንደሚወረስና እንጉዳይ እንደ ወንድም ስለሚቆጠር ፈጽሞ እንደማይበሉት በጆሮዬ ነገረኝ። አማት ፊት ባለሙያ ልባል ብዬ ዘመዳቸውን ላበስልላቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እናቱ ግን አልተቆጡም። አንቺ የሌላ አገር ልጅ ነሽ፣ ብትበዪ ነውር የለውም አሉኝ። ከዚያ አተኩረው አዩኝ፤ መንገድ ላይ እየደጋገምኩ መቀመጤን አይተው ኖሯል። ነጠላዬን ቀስ ብለው ተቀበሉኝና እንጉዳዩን ከኩይሳው ሥር መልሰው አስቀመጡት። ዘንድሮ ግን አንቺም አትበዪም አሉ። ጎድፍሬይ ገና ምንም አልሰማም ነበር፤ አንዴ እናቱን አንዴ እኔን ሲያይ አንጀቴን በላው።

ጾሙንም ንስሐ አባቴ ዘንድሮ ይቅርብሽ ብለውኛል።

እማዬ፣ ሰውየው ባዕድ ነው እንዳትዪኝ። ስንመለስ ዳገቱን እናቱ እጄን ይዘው ነው ያወጡኝ፤ አንቺ ብትኖሪ የምታደርጊውን አደረጉልኝ። እነሱም ዘንድ ወንዱ ሽማግሌ ይዞ ወደ ሴቷ ቤት ይሄዳል፤ ለጥምቀት ደጅሽ ይመጣል። ከዚያ በላይ የሚቆይ ነገር አይደለም።

እመቤታችን ጉልበትሽን ታጽናልኝ፤ ዕድሜሽን ታርዝመው። እኔን ያዘልሽበት አንቀልባ ከሳጥኑ ውስጥ አለ? ብል ካልበላው ሰው ሲመጣ ላኪልኝ። መልስ መጻፍ ቢከብድሽ እሱን ብቻ ላኪው፤ እንደ መረቅሽኝ እቆጥረዋለሁ።

ልጅሽ