የዱባ ራት በዓሣ አጥማጆች ማኅበር

ፌራራ፣ አርብ ጠዋት፣ ኦክቶበር 18

ለምወድሽ ልጄ ለሎሬዳና፣

«በዚህ ከተማ መጥፎ ራት የሚበላ ሰው ፈልጎ ነው።»

ይህን ያለችው ትናንት ባቡር ውስጥ ከፊት ለፊታችን የተቀመጠች ሴት ናት። ለእኔ አልነበረም፤ ለጓደኛዋ ነው። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የማንቶቫ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ጠባቂ ሆኜ ስለኖርሁ፣ በልበ ሙሉነት የተነገረ ቃል ሁሉ ማኅተም ያለበት ይመስለኛል። ባቡሩ የፖ ወንዝን ሲሻገር ነገሩ ገባኝ፦ ራቱ ከተበላሸ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ያውም ሆን ብዬ።

እንዴት ከርመሻል? በርገን ዝናቡ አባርቷል ወይስ እንደ ልማዱ ነው? ይህን ሁሉ በስልክ የማልነግርሽ፣ አንቺ በደወልሽ ቁጥር እናትሽ ድምፁን ለጎረቤቱም ጭምር ስለምትከፍተው ነው። አሁን ዳቦ ልግዛ ብላ ወጥታለች። እኔ በሆቴሉ የቁርስ ክፍል ጥግ ይዤ እጽፍልሻለሁ። ሰውን ማማት በደብዳቤ ነው የሚያምረው።

ከገና በኋላ የያዛት ጉንፋን ሲሄድ ሽታና ጣዕሟን ይዞባት እንደሄደ ታውቂያለሽ። ያልነገርንሽ አለ። ባለፈው ኦገስት ምድጃ ላይ የጣደችው ወተት አርሮ፣ የቃጠሎው ሽታ በደረጃው ወርዶ ጎረቤቶች በራችንን ሲደበድቡ፣ እሷ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ጋዜጣ ታነብ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ድስት አልነካችም። የማበስለው እኔ ነኝ። ትቀምስና «ጥሩ ነው» ትለኛለች፤ ይህ ራሱ የበሽታው ማረጋገጫ ነው።

ሐኪሙ «አንዳንዴ ቀድሞ የሚመለሰው የልጅነት ጣዕም ነው» አለን። እናትሽ «አንዳንዴ» የሚለውን ሰማች። እኔ «የልጅነት» የሚለውን ሰማሁ። የእናትሽ ልጅነት ደግሞ ያለው እዚህ ፌራራ ነው፤ ያውም በዱባ በተሞላ ፓስታ ውስጥ። የቤታችንን የድንበር ክርክር አትረሺውም። እኛ ማንቶቫዎች ዱባው ውስጥ የለውዝ ብስኩት ፈጭተን እንጨምራለን። የእናትሽ እናት ግን ገውዝ የሚባለውን ቅመም ብቻ ፈቅፍቃበት ታበቃ ነበር። እናትሽ በሠርጋችን ሰሞን ለእናቴ ብላ ተሸነፈች፤ አርባ አራት ዓመትም የእኛን ሠራች። መሸነፏን በየገናው ዋዜማ፣ ሳህኑን ፊቴ ስታስቀምጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ታስታውሰኛለች።

ሥዕል ልናይ ነው ብዬ ነው ያመጣኋት። ሆቴል ገብተን ሻንጣውን ስትከፍት ማኅደሬን አገኘችው።

«ሥዕል ለማየት ነው የምግብ ቤት ስም በፊደል ተራ የጻፍኸው?»

«ካየን በኋላ ይርበናል ብዬ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ውሸት አይሆንልህም» አለችኝ። አልተቆጣችም። ጥሩ ጫማዋን አወጣችና አደረገች፤ ከዚያ ሌላ መልስ አልጠበቅሁም።

መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ካለው ጀመርን። ምግቦቹ በር ላይ በፎቶግራፍ ተለጥፈዋል፤ እንደሚፈለጉ ወንጀለኞች። አስተናጋጁ ደጅ ወጥቶ ክንዴን ያዘኝ። እናትሽ የዱባውን ፎቶ አየችና «ይሄስ ፎቶ ሲነሣም ደክሞት ነበር» አለች። ሄድን።

ሁለተኛው ቅስት በቅስት በሆነው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ወጣት አብሳይ፣ ስድስት ጠረጴዛ፣ ጥቁር ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ «የዱባ ትዝታ» የሚል ምግብ ተጽፏል። ምን እንደሆነ ስንጠይቅ ልጁ አረፋ እንደሆነ አስረዳን።

«ትዝታውማ እኔም አለኝ፣ የኔ ልጅ» አለችው እናትሽ። «ያጣሁት ዱባውን ነው።»

ልጁ እንዳመሰገነችው ቆጥሮ እጅ ነሣ።

ሦስተኛው ማኅደሬ ውስጥ በቀይ የተሰመረበት ነበር፤ እናትሽ በልጅነቷ መጀመሪያ ቅዱስ ቁርባን የተቀበለች ዕለት አባቷ ይዟት የሄደበት። ቦታው አለ። የሚሸጠው ግን የስልክ መሸፈኛ ነው። እናትሽ በመስተዋቱ ውስጥ ጥቂት ተመለከተችና «አባቴ እዚያ ጋ ነበር የተቀመጠው» ብላ ቀይ መሸፈኛ የተሰቀለበትን አሳየችኝ። ሰዓቱ ከምሽቱ አንድ ተኩል ሆኗል፤ እግሯ አብጧል፤ ማኅደሬ አልቋል። የባቡሯ ሴት ታየችኝ።

በዚህ ጊዜ እናትሽ እኔ በሕይወቴ የማላደርገውን አደረገች። ብስክሌቱን ከግንብ ጋር የሚያስር አንድ ሽማግሌ አስቆመችና፣

«ዛሬ ራትዎን የት ይበላሉ?» አለችው።

«ሚስቴ ዘንድ።»

«ሚስትዎስ የት ናቸው?»

«ማኅበሩ ውስጥ ታበስላለች። ዱባ ነው።»

ሰውየው ኔሬዎ ይባላል፤ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ ነው። ማኅበሩ ውስጥ የሚበላው አባል ብቻ ነው። ስለዚህ አባል ሆንን። በሩ አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ መነጽሩን አድርጎ ቅጹን ሞላልን።

«ስንት ዓመት ዓሣ አጥምደዋል?»

«አንድም ቀን።»

«ጥሩ ነው። ልምድ ያላቸው ይዋሻሉ።» ማኅተሙን መታ፤ ወዲያው «እርስዎ» የሚለውን ትቶ «ግባ እንግዲህ፣ ኤርሜቴ» አለኝ። አባላት አንቱ አይባባሉም።

ውስጡ ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ በጭድ የተሞላ ትልቅ ዓሣ። ከምግቡ መካከል ዓሣ የለም። ለምን እንደሌለ ጠየቅሁ። «ከየት እንደሚመጣ ስለምናውቅ» አለኝ ኔሬዎ።

ለእኔ መጀመሪያ መረቅ መጣልኝ። ሳላስበው፣ አገራችን እንደምናደርገው፣ ቀይ ወይኔን መረቁ ላይ ገለበጥሁት። አንዱ ሽማግሌ ሊጥል ያነሣትን ካርታ አየር ላይ ያዛት።

«ኤርሜቴ» አለኝ ኔሬዎ በርኅራኄ፣ «የበደለህ መረቁ ነው ወይስ ወይኑ?»

«ማንቶቫ እንዲህ ነው የሚጠጣው።»

«ከወንዙ ማዶ ስላለው ነገር ስንሰማ ነበር። ሐሜት ይመስለን ነበር።»

«እኔ አርባ አራት ዓመት አይቼዋለሁ» አለች እናትሽ። «ምስክር ያገኘሁት ዛሬ ነው።»

አነጋገሯን ሰምተው ዞሩ። «አንቺ የእኛ ነሽ እንዴ?» አላት ካርታውን የያዘው።

«የሳን ጆርጆ ሰፈር ልጅ ነኝ።»

«ታዲያ እዚያ ማዶ ምን ወሰደሽ?»

በማንኪያዋ እኔን አመለከተች። ሁሉም አዩኝ፤ መረቄንም አዩት። «አይፈረድብሽም፤ ያኔ ልጅ ነበርሽ» አላት። እናትሽ ሳቀች። ሎሬዳና፣ ከኦገስት ወዲህ ይህን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር። ስለ እኔ መሆኑ ቅር አላሰኘኝም።

ከዚያ ዱባው መጣ። በቅቤ የተለወሰ፣ የሚጤስ፣ ሳህን ሙሉ። አብሳይዋ ኢዮሌ፣ የኔሬዎ ሚስት፣ የኩሽናው በር ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች። እናትሽ አንዱን በሹካ አነሣች። እኔ የራሴን አልነካሁም። የጨው ዕቃውን ወደ ግራ፣ ከዚያ መልሼ ወደ ቀኝ አደረግሁት። ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ አኘከች። ስትገልጠው መጀመሪያ ያየችው ሳህኑን ሳይሆን እኔን ነው።

«ገውዝ» አለች።

የጨው ዕቃውን ለቀቅሁት።

«ትንሽ አብዝተውታል። እናቴ እንዲህ አታበዛውም ነበር።»

«ጣፈጠኝ» ብትል ኖሮ አላምናትም። ዘጠኝ ወር ሙሉ «ጥሩ ነው» ስትል የኖረች ሴት ነቀፌታ ስታወጣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቀድሞ የነበረችው ሴት ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ወደ ተሞላው ዓሣ አየሁ። እሱም ወደ እኔ ያይ ነበር።

«ምን ያፈዝዝሃል? ብላ እንጂ፤ ይቀዘቅዝብሃል» አለችኝ።

በላሁ። ያለ ብስኩትም ጥሩ ነው፤ ይህን ማንቶቫ ውስጥ ለማንም አትንገሪ። በዝቷል ያለችውን ገውዝ እኔ አልደረስሁበትም። ወይን የገባበት መረቅ የጠጣ አፍ ግን ለምስክርነት አይበቃም። እሷ ሁለት ጊዜ አስጨመረች፤ እየበላችም ለሽማግሌዎቹ የእናቷን ኩሽና ተረከችላቸው። መፈቅፈቂያው የት እንደሚሰቀል ሳይቀር።

ስንመለስ በጭጋጉ ውስጥ ክንዴን ይዛ ትሄድ ነበር። ሆቴሉ በር ላይ ስንደርስ «የዘንድሮውን የገና ዋዜማ እኔ ነኝ የምሠራው» አለችኝ። «በገውዝ። ብስኩትህን አጠገቤ እንዳታመጣ።» ከአርባ አራት ዓመት በኋላ ተሸነፍሁ ማለት ነው። በማንቶቫ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ደስ ብሎት የተሸነፈ ሰው መዝገብ ላይ አላገኘሁም። አንቺ ከመጣሽ ደግሞ ሽንፈቴ ምስክር ይኖረዋል። እሷ ነይ አትልሽም፤ ታውቂያታለሽ። ስለዚህ እኔ እላለሁ፦ ነይ።

የአሠራሩን ወረቀት ኢዮሌ ልትጽፍልኝ ቃል ገብታለች። ፖስታውን ከማሸጌ በፊት በማኅበሩ በኩል አልፌ እቀበላትና ለአንቺም ቅጂ እልክልሻለሁ። በርገን ውስጥ ዱባ አይጠፋም።

የምትበዪው ይጣፍጥሽ፤ የምትተኚበት ይሙቅልሽ፤ ረጅሙ መንገድሽ ሁሉ ማብቂያው የእኛ በር ይሁን።

አባትሽ ኤርሜቴ
የዓሣ አጥማጆች ማኅበር አባል፣ እስከ ዲሴምበር 31

ማስታወሻ፦ ከማኅበሩ መመለሴ ነው። ኢዮሌ ያስጻፈችኝ እንዲህ ነው፦ በምድጃ የተጠበሰ ዱባ አንድ ኪሎ፣ የተፈቀፈቀ አሮጌ አይብ ሁለት መቶ ግራም፣ አንድ እንቁላል፣ ጨው። ገውዙን የረሳችው መስሎኝ ጠየቅኋት። ኔሬዎን ስለሚያስነጥሰው ከተጋቡ ወዲህ ገውዝ ኩሽናዋ ገብቶ አያውቅም።